የሳንባ እጣቢ ፈሳሽ የፈንገስ ምርመራ፦ አወሳሰዱ፣ አተረጓጎሙና ውስንነቱ

ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ በአክታው ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ያልተገኘበት፣ በተለመደው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ያልተሻለው ሕሙም የነቀርሳ ሕክምና በግምት ሊጀመርለት ይችላል። ይሁን እንጂ መንስኤው ፈንገስ ሊሆን እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ በሚገኝና የአክታ ምርመራቸው ነቀርሳ ባላሳየ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ኒሞሲስቲስ ጂሮቬቺ የተባለውን ፈንገስ ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ ሆኖ አግኝቶታል።

ናሙናው የሚገኘው በብሮንኮስኮፕ አማካይነት ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ከጀርም የጸዳ ኖርማል ሳላይን ወደ ተጎዳው የሳንባ ክፍል ተከፋፍሎ ከገባ በኋላ ተመልሶ ሲመጠጥ ነው። ለካልቸር የሚላክ ናሙና ፎርማሊን አይጨመርበትም፤ ወዲያውኑ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። መዘግየቱ ግድ ከሆነ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ከ24 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይቀመጣል።

በላቦራቶሪ ፈሳሹ በሴንትሪፉጅ ከተሽከረከረ በኋላ ዝቃጩ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በኢንዲያን ኢንክ፣ በጊምዛና በሲልቨር ቀለም በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሳቡሮ አጋር ላይ የሚደረገው ካልቸር እስከ 4 ሳምንት ክትትል ይሻል። ኒሞሲስቲስ ግን በተለመደው ካልቸር አይበቅልም፤ ስለዚህ «ምንም አልበቀለም» የሚለው ውጤት በሽታው የለም ማለት አይደለም።

በአንጻሩ የፈንገስ መገኘት ብቻውን በሽታን አያረጋግጥም። ካንዲዳ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍና ከጉሮሮ የመጣ ነው። የአስፐርጂለስ ዘርም በአየርና በአቧራ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ውጤቱ ከሕሙሙ የመከላከል አቅም፣ ከራጅና ከጋላክቶማናን ምርመራ ጋር ተገናዝቦ መተርጎም ይኖርበታል። በፒ ሲ አር የተገኘ አነስተኛ የኒሞሲስቲስ መጠንም ሕመም ሳያስከትል የሰፈረ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ለሚሠራ ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የምትባለው ከተማ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ረጅም መንገድ የተጓዘ ናሙናም የምርመራ ዋጋውን ያጣል። ስለሆነም ብሮንኮስኮፒ በማይገኝበት ስፍራ ናሙና ከመላክ ይልቅ አቅሙ የሚፈቅድለትን ሕሙም በጊዜ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ማስተላለፍ ይመረጣል። እስከዚያው ድረስ የደም ኦክስጅን ልኬት፣ ራጅ፣ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ እና የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሕሙም የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን የደም ምርመራ መሠራት ይገባቸዋል።

የኒሞሲስቲስ ጥርጣሬ ከፍተኛ ከሆነ፣ ለሕክምና በሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ኮትሪሞክሳዞል መጀመር ውጤት እስኪመጣ ሊጠበቅ አይገባም። ሕክምናው ከተጀመረ ከቀናት በኋላም ፈንገሱ በእጣቢው ፈሳሽ ውስጥ ሊታይ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ቀድሞ መስጠት ምርመራውን ከንቱ አያደርገውም፤ መዘግየቱ ግን የሕሙሙን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።