የመፀው ወራት አየርና ባሕር በጅቡቲ ጠረፍ
ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የተሰጠ ማብራሪያ

በደጋው አገራችን ክረምቱ አልፎ ዐደይ አበባ ሲፈነዳ፥ ነጋዴው ሁሉ የዓመቱ አስቸጋሪ ወራት አለፈልኝ ብሎ ልቡን ማሳረፉ የተለመደ ነው። መንገዱ ይደርቃል፤ ወንዙ ይጎድላል፤ ሰሊጡና ቡናው ለገበያ ይደርሳል። ነገር ግን የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ትልቁ ክፍል በሚተላለፍበት በጅቡቲ ጠረፍ የወራቱ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ መፀው፥ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ፥ ነፋሱ አቅጣጫውን የሚለውጥበት፥ አየሩም ለሰው እየቀለለ ለዕቃ ግን እየከበደ የሚሄድበት ወራት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ በምን ምክንያት እንደሚመጣና ነጋዴው ምን ሊያሰናዳ እንደሚገባው ባጭሩ ለመግለጥ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ነፋሱ መለወጥ

በክረምት ወራት በቀይ ባሕር ላይ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ባሕሩን ከላይ እስከ ታች ተከትሎ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ዓደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። በዚሁ ጊዜ በጅቡቲ ከተማ ላይ ካምሲን የሚባለው ደረቅ፥ የጋለና አቧራ የተሞላ ነፋስ ከምዕራብ በረሓ ይነፍሳል። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ስለዚህ ነው። ከሶማልያ ጠረፍና ከሶቆጥራ ደሴት ወዲያ ባለው ውቅያኖስ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን በብርቱ ስለሚነፍስ፥ ታላላቅ መርከቦች እንኳ በከባድ ሞገድ ይንገላታሉ።

መስከረም ከተጋመሰ በኋላ ይህ ኀይል እየላላ ይሄዳል። ለጥቂት ሳምንታት ነፋሱ ደካማና ተለዋዋጭ ሆኖ ይቆያል፤ አቧራው ይቀንሳል፤ ባሕሩም ይረጋል። ከጥቅምት ጀምሮ የእስያ ምድር መቀዝቀዝ ሲጀምር የሰሜን ምሥራቁ ሞንሱን ተራውን ይይዛል። ይህ ነፋስ በዓደን ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍስና ባብ ኤል መንደብ ሲደርስ፥ በአፍሪካና በዓረብ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ስለሚጠብበት ኀይሉ ይጨምራል። ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ላይ ይወጣል። የመተላለፊያው ጠባብ ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፥ ነፋሱ ከ20 ኖት፥ ማለት በሰዓት ከ37 ኪሎ ሜትር፥ የሚያልፍባቸው ቀኖች በመፀውና በበጋ ጥቂት አይደሉም።

በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ግን የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ አይለቅም። ስለዚህ ሁለቱ ነፋሶች ከምጽዋ በስተሰሜን ባለው የባሕሩ ክፍል ይገናኛሉ፤ በተገናኙበትም ስፍራ ደመናና ዝናም ይፈጠራል። ደጋው በፀሐይ ሲደርቅ የምጽዋ ጠረፍ ዝናሙን የሚያገኘው በዚሁ ወራት ነው።

ሞንሱን የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ወቅት የሚል ትርጕም ካለው የዓረብኛ ቃል ነው። በአዱሊስ ዘመን የነበሩት መርከበኞች ወደ ህንድ የሚሄዱትና የሚመለሱት ይህንኑ የነፋስ መለዋወጥ ጠብቀው ነበር። የዛሬው መርከብ በሞተር ስለሚሄድ ነፋስን አይጠብቅም፤ በውስጡ የተጫነው ዕቃ ግን ዛሬም ከአየሩ ጠባይ ነጻ አልወጣም።

ስለ ባሕሩ ሁኔታ

ከነፋሱ ጋራ የባሕሩ የላይኛው ውሃም ፈሳሹን ይለውጣል። በክረምት ከቀይ ባሕር ወደ ዓደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣ የነበረው የላይ ውሃ በመፀው ተመልሶ ወደ ቀይ ባሕር መግባት ይጀምራል። ይህ ለታላላቅ መርከቦች ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። በዓደን፥ በበርበራና በጅቡቲ መካከል ለሚመላለሱት ትንንሽ ጀልባዎችና ሳምቡኮች ግን ነፋሱና ፈሳሹ አንድ ላይ ሲገፉ የጉዞውን ቀን ይለውጣሉ።

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፉ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ በመሆኑ፥ የምሥራቁ ነፋስ ሲበረታ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ተራ በሚጠብቁበት ስፍራ ሞገድ ይነሣል። ይህም የአብራሪዎችንና የአገልግሎት ጀልባዎችን ሥራ ሊያዘገይ ይችላል። ከምሥራቅ በኩል በሶቆጥራ አጠገብ ለሚመጡት መርከቦች ግን መፀው ከክረምቱ ይልቅ የተሻለ ወራት ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በቀይ ባሕር በተነሣው የደኅንነት ችግር ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ በኩል ለመዞር በተገደዱ ጊዜ፥ ይህ የምሥራቁ መንገድ ጠባይ ለነጋዴዎቻችን ይበልጥ ማወቅ የሚያስፈልግ ሆኖ ታይቷል።

ለሰው የቀለለው አየር ለዕቃ ስለ መክበዱ

ብዙ ሰው ጅቡቲ በሐምሌ እጅግ ስለሚሞቅ ዕቃ የሚበላሸው በዚያን ጊዜ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ካምሲን ደረቅ ነፋስ ስለሆነ በሐምሌ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ይወርዳል። በኅዳር የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲቀንስ ሰው እፎይ ይላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ከባሕር ላይ ስለሚመጣ እርጥበቱ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ዩሪያ ማዳበሪያ በ30 ዲግሪ ሙቀት ከአየር ውሃ መጠጣት የሚጀምረው እርጥበቱ ከ70 በመቶ ጥቂት ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ለሚመጣው የእርሻ ወራት የሚገባው ማዳበሪያ ከጥቅምት በኋላ በወደብ ሲራገፍ በትክክል በዚህ ወሰን ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሳይሸፈን ያደረ ከረጢት ይጋገራል፤ ሲሚንቶም እንዲሁ ይጠጥራል።

የላኪውም ነገር ከዚህ የሚያንስ አይደለም። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎችን፥ ማለት 19,200 ኪሎ ቡና ይይዛል። የቡናው እርጥበት 12 በመቶ ቢሆን በኮንቴነሩ ውስጥ 2,300 ኪሎ ያህል ውሃ አብሮ ተጭኗል ማለት ነው። መርከቡ ከጅቡቲ ሙቀት ተነሥቶ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲደርስ የኮንቴነሩ ብረት ይቀዘቅዛል፤ ከቡናው የወጣው እርጥበት በጣራው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠለጠልና እንደ ዝናም ይንጠባጠባል። ከዚያ ሁሉ ውሃ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢወጣ 23 ሊትር ነው። ይህም የላይኛዎቹን ጆንያዎች አሻግቶ በገዢው ዘንድ ክርክር ለማስነሣት ይበቃል።

የገቢ ዕቃ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይጐዳል። በቀዝቃዛ አገር የተጫነ ብረት ወይም የታሸገ ምግብ ጅቡቲ ሲደርስ ገና ቀዝቃዛ ነው። የመርከቡ የጭነት ክፍል ያለ ጊዜው ከተከፈተ እርጥቡ የባሕር አየር በቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ የቆርቆሮው ወረቀት ይላቀቃል። ስለዚህ መርከበኞች የሚጠብቁት ሕግ ቀላል ነው፦ ከሙቀት ወደ ብርድ ሲጓዙ ጭነቱን ያናፍሳሉ፤ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲመጡ ግን ዘግተው ይቆያሉ። ይኸው ነገር በየብስም ይደገማል። በባሕሩ ዳር እርጥብ አየር የተዘጋበት ኮንቴነር ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሞጆ ደረቅ ወደብ የኅዳርን ሌሊት ሲያድር፥ ጠዋት ጣራው ላይ ጤዛ መገኘቱ አያስደንቅም።

ስለ ዝናምና ስለ ዐውሎ ነፋስ

የጅቡቲ ከተማ የዓመት ዝናም 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአዲስ አበባው ጋራ ሲነጻጸር ከአንድ ስምንተኛው እምብዛም አይበልጥም። ነገር ግን ይህ ጥቂት ዝናም በዓመቱ ላይ ተከፋፍሎ አይዘንምም፤ አንዳንድ ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ተጠቃሎ ይወርዳል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ዝናም ወርዶ ከተማውን ጎርፍ አጥለቅልቆት ነበር።

በዚያ ዓመት የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከተለመደው በላይ ሞቆ፥ ምሥራቃዊው ክፍል ቀዝቅዞ ነበር። እንዲህ ያለው ሁኔታ ሲፈጠር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናሙ ይበዛል። ኤል ኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅም ብዙ ጊዜ ወደዚሁ ያዘነብላል። እንግዲህ ስለ ዘንድሮው መፀው መጠየቅ የሚፈልግ ነጋዴ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የእነዚህን ሁለት ባሕሮች ሙቀት ነው። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማእከል በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የጥቅምትን፥ የኅዳርንና የታኅሣሥን ትንበያ ይገልጣል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የበጋውን ወራት ትንበያ ለሕዝብ ያስታውቃል።

ዐውሎ ነፋስ በዓረብ ባሕር ላይ የሚነሣው በተለይ በሁለት ወቅቶች፥ በግንቦትና በሰኔ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር ነው። አብዛኛው ወደ ዓደን ባሕረ ሰላጤ ሲገባ በዓረብ ደረቅ አየር ይዳከማል፤ ሁሉም ግን አይደለም። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ቻፓላ የተባለው፥ ከእርሱም ቀጥሎ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሜግ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሶቆጥራንና የየመንን ጠረፍ መትተዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ባሕረ ሰላጤውን ሙሉ አቋርጦ እስከ ምዕራብ ሶማሌላንድ ደርሶ በጅቡቲም ጎርፍ አስከትሏል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጋቲ የሶማልያን ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ መትቷል። የእነዚህን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው በኒው ዴልሂ የሚገኘው የህንድ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፥ የመርከብ ወኪሎች በየቀኑ ይከታተሉታል። ነጋዴውም ወኪሉን መጠየቅ ይገባዋል።

ነጋዴው ሊያደርገው ስለሚገባው

አስመጪ፦ ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ጭኖ የሚመጣ መርከብ በዝናም ጊዜ የጭነት ክፍሉን ስለሚዘጋ ማራገፍ ይቆማል። በኪራይ ውሉ ላይ የማራገፊያው ጊዜ የሚቈጠረው አየሩ ለሥራ በተመቸ ቀን ብቻ ነው የሚል ቃል ካለ፥ የዝናሙ ሰዓት ከሒሳቡ ይወጣል። ከሌለ ግን መርከቡ ሥራ ፈትቶ የቆመበት ሰዓት እየተቈጠረ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በአስመጪው ላይ ያርፋል። በጅቡቲ ዝናም ብርቅ ስለሆነ ብዙዎች ይህን ቃል ቸል ይሉታል፤ የሚያስከፍለውም ይኸው ቸልታ ነው። ዝናም የዘነበበት ሰዓት በመርከቡ የሥራ መዝገብ ላይ ወዲያው እንዲጻፍና በሁለቱም ወገን እንዲፈረም ወኪሉን ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ላኪ፦ ሰሊጡንና ቡናውን ከመጫኑ በፊት እርጥበቱን በመሣሪያ ያስለካ፤ ኮንቴነሩ ያልተበሳ መሆኑን ከውስጥ በር ዘግቶ የብርሃን ጭላንጭል በማየት ይመርምር፤ ግድግዳውንና ጣራውን በወፍራም ወረቀት አስለብሶ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይስቀል። ርጥብ የእንጨት ርብራብ ከታች ማንጠፍ ውሃን በገዛ እጅ መጫን ነው።

ኢንሹራንስ፦ ‹ሲ› በተባለው አንቀጽ የተገባ የባሕር ኢንሹራንስ የዝናምንና የጤዛን ጉዳት አይሸፍንም። ‹ኤ› የተባለው ሰፊ ቢሆንም፥ ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ፥ ከአስተሻሸግ ጉድለትና ከመዘግየት የሚመጣውን ጉዳት ያስቀራል። ስለዚህ ውሉን ከመፈረም አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ባለ ሱቅ፦ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሲረከብ የካርቶኑን ጥግና የላይኛውን ረድፍ አስቀድሞ ይዳስስ፤ ርጥበት ካገኘ ዕቃውን ሳይበትን በዕለቱ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ስኳርና ሩዙን ከወለልና ከግድግዳ አርቆ ያስቀምጥ። ጎርፍ መንገዱንና የባቡሩን ሥራ ለጥቂት ቀን ሊያውክ ስለሚችል፥ በጥቅምትና በኅዳር የሚያልቅበትን ዕቃ ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ቀን አያቈይ።

ከዚህ በላይ የተመለከተው ዝግጅት ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጥቂት ወረቀት፥ ጥቂት ሸራና በውሉ ላይ አንድ መስመር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ይህ በመስከረም ከተደረገ በታኅሣሥ ከገዢ ጋራ መከራከርን ያስቀራል።