የልጆች ሜዳ በጊዜው ካልተያዘ

የከተማ ቦታ አንዴ ከተሸነሸነ በኋላ ለልጆች መጫወቻ መፈለግ ኪስ ያራቁታል። አዲስ አበባ ለዚህ ምስክር ናት። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን ታቅዶ፣ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተገምቷል። ለዚሁ በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ተተመነ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ይህ በየሳምንቱ የሚዘለቅ አይደለም።

መካነ ሰላምን የመሰሉ የደቡብ ወሎ ከተሞች ግን ቦታው በሊዝ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ሜዳ ማስቀረት ይችላሉ። ለልጆች ሐውልትና ፏፏቴ የግድ አይደለም፤ ከመኪና መንገድ የራቀ ሣር፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወላጅ ልጁን እያየ የሚያርፍበት አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ለጥላ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ወይራና ኮሶን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች ቢተከሉ ወፉም ንቡም ይመጣል።

ነጋዴውም አይጎዳም። ቤተሰብ በሚውልበት ሜዳ ዙሪያ ሻይ ቤቱም ሱቁም ደንበኛ አያጣም። ማዘጋጃ ቤቱና ነጋዴው ከሚቀጥለው ሽንሸና በፊት ሊመክሩበት የሚገባው ይኸው ነው።