ዶሮዋን ማን ገደላት?

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት፣ ድንበሩን ተሻግሮም እስከ መተማ ዮሐንስ ባሉት መንደሮች ዶሮ የምትውለው ደጅ ነው። ሰሊጥና ማሽላ በተወቃበት ስትጭር ውላ ሲመሽ ወደ ቆጧ ትመለሳለች። አንዷ የጠፋች ዕለት ጥፋቱ የሚለጠፈው አየር ላይ በሚያንዣብበው ጭልፊት ወይም በጎረቤት ውሻ ላይ ነው፤ ሁለቱ ቀን ስለሚታዩ። አብዛኛው ገዳይ ግን የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው። ስለዚህ ማንንም ከመክሰስ በፊት መጠየቅ ያለበት ዶሮዋ መቼ እንደሞተችና ምኗ እንደጎደለ ነው።

በጭልፊቱ እንጀምር። በዚያ አካባቢ የሚበዛው፣ ጅራቱ ለሁለት የተከፈለው ጭልፊት ክብደቱ ከአንድ ኪሎ አያልፍም። ጫጩት ይነጥቃል፤ ያውም ምንም ምልክት ሳይተው። አንድ ኪሎ ያለፈች ዶሮ ግን ተሸክሞ መብረር አይችልም፤ ሌሊትም አያድንም። ማታ ቆጥ ላይ የነበረች ትልቅ ዶሮ ጠዋት ከታጣች ጭልፊቱ ነጻ ነው።

የሌሊቱ ዋና ተጠርጣሪ ሸለምጥማጥ ነው። ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ጅራቱ ረጅምና ቀለበት በቀለበት የሆነ አውሬ ነው። ዛፍም ጣሪያም ይወጣል፤ ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቀዳዳ አያግደውም። የሚነክሰው አንገትና ጭንቅላት ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚገርመው አንዷን በልቶ አራት አምስቱን ገድሎ መሄዱ ነው። ይህ ጭካኔ አይደለም። ዱር ውስጥ አንዷ ወፍ ስትያዝ ሌሎቹ በርረው ያመልጣሉ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ማምለጫ የለም፤ የሚርገበገበው ክንፍ ሁሉ የማደን ስሜቱን እንደገና ይቀሰቅስበታል። የዱር ድመትም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ጭንቅላቷ ብቻ ተቆርጦ ሬሳዋ በሽቦው ወይም በእንጨቱ አጥር ውስጥ ከቀረ፣ ገዳዩ ከውጭ ሆኖ በክፍተቱ ስቦ በልቷል ማለት ነው።

ቀበሮ ሙሉውን ይዞ ስለሚሄድ ላባው ወደ ጫካው አቅጣጫ ተንጠባጥቦ ይገኛል። ውሻ ግን ብዙ ጊዜ አሳድዶ ይነክሳል፣ ያንገላታል፣ ሳይበላም ይተዋል። የቤቱ ሥር ተቆፍሮ ወይም እንጨቱ ተገንጥሎ ከተገኘ፣ ቀፎ የሚሰብረውን፣ ጀርባው ነጭ ሆዱ ጥቁር የሆነውን ማር ወዳድ አውሬ ይጠርጥሩ፤ የፊት እግሩ ጥፍሮች ረጃጅም ስለሆኑ ከጣቶቹ ራቅ ብለው መሬቱን ይወጋሉ።

የገዳሪፍ መሬት ራሱ የነገሩ አካል ነው። ጥቁሩ ዋልካ በበጋ ጥልቅ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለአይጥም ለእባብም መሸሸጊያ ነው። ጫጩቶች ከእናታቸው ሥር ሌሊት ሌሊት አንድ በአንድ ካለቁና ላባ ከሌለ፣ ሰማዩን ትተው ወለሉን ይመርምሩ። እባብ ብዙውን ጊዜ እንቁላልን ቅርፊቱንም አያስቀርም፤ ሙሉውን ይውጣል። ቅርፊት ተሰብሮ አስኳሉ ጎጆው ላይ ከተለወሰ ግን አርጃኖ፣ አይጥ ወይም እንቁላል መብላት የለመደች የገዛ ዶሮዎ ልትሆን ትችላለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ሬሳ የሚበላ እንስሳ ነው። በፈንግል በሽታ የሞተች ዶሮ ደጅ ካደረች ድመትም ውሻም ይቀምሳታል፤ ጠዋት የሚታየው የጥርስ ምልክቱ ብቻ ነው። ይህን ለመለየት እጅዎን በፌስታል ሸፍነው በንክሻው ዙሪያ ያለውን ቆዳ ይግፈፉ። በሕይወት እያለች ከተነከሰች ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ይጠቁራል፤ ከሞተች በኋላ ከሆነ ሥጋው ንጹሕ ነው። ቀደም ብለው አንገታቸው የተጣመመ፣ አረንጓዴ ኩስ የጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያቃስቱ ዶሮዎች ከነበሩ አውሬ ፍለጋውን ያቁሙ። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ፣ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋም ዓይነትም አለው፤ ለቆላ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁንም ካልለየ ማታ በበሩ ዙሪያ የተነፋ አመድ ይነስንሱ። ጠዋት ዱካው ክብ ሆኖ ጥፍር ከሌለበት የድመት ወይም የሸለምጥማጥ ነው፤ የጥፍር ነጥብ ካለበት የውሻ ወይም የቀበሮ ነው። የሰው ጫማ የታተመበት ጊዜም ይኖራል።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ አለው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሸሽተው በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች እንደሰፈሩት ስደተኞች ቤት ለቤት ተጠጋግቶ ለሚኖር ሰው፣ ያለማስረጃ የጎረቤትን ውሻ መግደል ከዶሮዋ የበለጠ ያስከፍላል። የሰሊጥ ተባይ መድኃኒት ሥጋ ላይ ቀብቶ መጣል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሸለምጥማጡን ሳያገኝ አሞራውን፣ ውሻውን፣ አልፎም ሕፃኑን ይገድላል። ቀዳዳውን ይድፈኑ፣ በሩን ከመጨለሙ በፊት ይዝጉ፣ ዶሮዎቹን ያስከትቡ።