የእርባታ ዓሣ ጣዕም በመኖውና በውሃው ይወሰናል

በሰው እጅ የረባ ዓሣ ለገበያ በቀረበ ጊዜ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ክብደቱ ነው። ይሁን እንጂ ገዢውን ደግሞ የሚያመጣው ወይም ለዘለቄታው የሚያርቀው ጣዕሙ ነው። ጣዕሙም የዘሩ ብቻ ሳይሆን የአረባቡ ፍሬ ነው።

ለዚህ ዋና ምስክር የሚሆነን ቆሮሶ ነው። የዓባይና የኢትዮጵያ ሐይቆች ተወላጅ የሆነው ይህ ዓሣ፣ ዛሬ በቻይና፣ በግብጽና በኢንዶኔዥያ በብዛት ይረባል። በንጹሕ ውሃ ያደገው ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ውሃው በማይታደስ ኩሬ ያደገው ግን ጭቃ ጭቃ ይላል። ምክንያቱ ጭቃው ራሱ አይደለም። መኖ ከመጠን በላይ ሲጣል ትርፉ በስብሶ ውሃውን ያዳብረዋል፤ በዚያም ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉ ረቂቃን ይራባሉ። ከእነዚህም የሚወጣው ጂኦስሚን የተባለ ነገር በዓሣው ስንጥብ በኩል ገብቶ በስቡ ውስጥ ይቀመጣል። የሰው አፍንጫ እጅግ ጥቂቱን እንኳ ስለሚለይ፣ ሎሚና በርበሬ ቢያቃልሉት እንጂ ፈጽመው አያጠፉትም።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ይኸውም ዓሣውን ከመታረዱ በፊት ለጥቂት ቀናት ያለ መኖ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማቆየት ነው። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ጥቂት ስለሚቀንስ፣ ትርፍ የቸኮለ አርቢ ይህን ሥራ ይዘለዋል።

የመኖን ኃይል ደግሞ የኖርዌይ ሳልሞን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከመኖው ከመቶ 90 ያህሉ ከባሕር የተገኘ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ነበር፤ በ2013 ግን ይህ ወደ ከመቶ 30 ወርዶ በቦታው አኩሪ አተርና የጎመን ዘር ዘይት ገብተዋል። በባሕር የሚጠመደው ዓሣ በመኖው ውስጥ ያለው ድርሻ ቢቀንስም፣ ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ስብ በሥጋው ውስጥ አንሷል። ቀይ መልኩም ቢሆን በመኖው ከሚጨመር ቀለም የሚገኝ ነው።

ለባሕር ጠረፍ ሰዎች የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። ጨው በበዛበት ውሃ ያደገ ሽሪምፕ ጨውን ለመቋቋም በሥጋው ውስጥ ጣፋጭነት ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ስለሚያከማች፣ ጨው ባነሰበት ውሃ ካደገው ይልቅ ይጣፍጣል። ጨዋማነቱ ከውቅያኖስ የሚበልጠው ቀይ ባሕር በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው።

በመጨረሻም አያያዙ አለ። በመረብ ታጉሮ ሲንፈራገጥ የቆየ ዓሣ ከሞተ በኋላ ቶሎ ይደርቃል፣ ሥጋውም ይላላል።

እንግዲህ ነጋዴ ውል ሲዋዋል ዓሣው በምን ውሃ እንዳደገ፣ ምን እንደተመገበና ስንት ቀን እንደጠራ ይጠይቅ። አስተዳዳሪም ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን ኩሬውንም ይመርምር። አንድ ጊዜ ጭቃ የሸተተው ገዢ የሚሸሸው ያንን አንድ አርቢ ብቻ ሳይሆን ገበያውን በሙሉ ነውና።