ክኒኑ ሲቋረጥ

ሾላ ገበያ በርበሬ ተራ አጠገብ አንድ ወጣት ተሸካሚ ከነጆንያው ወደቀ። ሰውነቱ ተገትሮ መንፈራገጥ ሲጀምር ከዚህም ከዚያም ክብሪት ተጫረ። አንዱ ጭሱን ሊያሸተው ይጣደፋል፣ ሌላው «ለሃጩን እንዳትነኩ፣ ይጋባል!» ይላል። ቅቤ የሚሸጡ እናት ግን ሰዉን ገፍተው ገቡ፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው ራሱ ሥር አደረጉለት፤ በጎኑ አስተኙት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቃ።

የሴትየዋ ልጅም የሚጥል በሽታ አለባት። «ሰባት ዓመቷ ሳለ ምድጃ ላይ ወደቀችብኝ» አሉኝ። «እጇን እሳት ሲበላው ጎረቤት ቆሞ ያያል እንጂ አይነካትም። ጠንቋዩ ጥቁር በግ አለኝ፤ አረድኩ። የዳነችው ግን በጤና ጣቢያ ነርስ እጅ ነው።»

ሕመሙ የአንጎል ሕዋሳት ኤሌክትሪክ በድንገት ከሥርዓቱ ሲወጣ የሚመጣ ነው፤ አይተላለፍም። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል ላይ የወጣ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳትና የዘር ውርስ ከመነሻዎቹ ይቆጠራሉ። አሳማ በሚረባባቸው ብዙ አገሮች የአሳማ ኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዋና መንስኤ ይሆናል፤ ከጥሬ ሥጋችን የምናገኘው የከብቱ ኮሶ ግን ይህን አያደርግም።

በአገራችን ነገሩን ቤት ለቤት ዞረው የቆጠሩት በጓያና በፍሎራይድ ጥናታቸውም የሚታወቁት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰው አይተው 316 ሕሙማን አገኙ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። በዘመናዊ መድኃኒት ታክመው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። በኋላ በዝዋይ ሐይቅ የዛይ ማኅበረሰብ ዘንድ የተደረገ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ከ1,000 ሰው ወደ 30 ግድም አደረሰው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ከሕሙማኑ ክፍል በላይ ያድር ነበር ይባላል። ሌሊት ከአልጋ የሚወድቁት ሕሙማን እንቅልፍ ስለነሱት ማስተኛ ብሎ ፌኖባርቢታል ሰጣቸው፤ መውደቃቸው ቀነሰ። ያው ርካሽ ክኒን ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን ይሰጣል። በጅማ ዙሪያ የሠለጠኑ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትለው ማከም እንደሚችሉ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በአግባቡ ከታከሙ ከመቶ ሰባው ያህሉ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ ይላል።

ችግሩ መቋረጡ ላይ ነው። «ክኒኗን ስትውጥ ሰው ናት፤ ሥራ ትሠራለች፣ ትስቃለች» አሉኝ ቅቤ ሻጯ። «ሲጠፋ ከመርካቶ እስከ መገናኛ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት እዞራለሁ። የእኔን ድካም ተወው፤ እሷ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትወድቃለች።» በድንገት ማቆም ፋታ የማይሰጥ፣ ሕይወት የሚያጠፋ ጥቃት ሊያስከትል ይችላል። ስለ እጥረቱ የጠየቅኳቸው ኃላፊ «በደብዳቤ ጠይቅ» አሉኝ፤ ደብዳቤው ገባ፣ መልሱ አልወጣም።

«ጠበል ቦታ ክኒኑን ጣዪው አሉኝ» ይላሉ ሴትየዋ። «ጠበሉንም አልተውኩ፣ ክኒኑንም አልጣልኩ። ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው።» የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለሚጥል በሽታም እንዲህ ያለ ቃል ከዐውደ ምሕረት ቢሰማ ብዙ ሰው ያተርፋል።

በሕመሙ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀሩት፣ ትዳር የተነፈጉት፣ ከሥራ የተባረሩት ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ለጊዜው ግን ሰው ሲወድቅ ካዩ በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፤ መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ያድርሱት። ጤና ቢሮዎችም የመቶ ዓመቱን ክኒን ከመደርደሪያው አያጥፉብን።