ከላሟ በፊት ሐኪሙ

«ዶክተር፣ ጉሮሮዋ ላይ ድንች ተሰንቅሮባት ነው» አለ ባለቤቱ። ላሟ ለሃጯ ይዝረበረባል፤ ድምጿ ሻክሯል፤ መኖ አትቀምስም። ቢሾፍቱ ዳር ወዳለው የወተት ከብት እርባታ የሄደው ወጣት ባልደረባዬ እጅጌውን ሰብስቦ አፏን በባዶ እጁ ፈተሸ። ድንች የለም። ላሟ በሁለተኛው ቀን ሞተች፤ የአንጎሏ ናሙና ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ ሆነ።

አፏ ውስጥ እጁን መክተቱ አይደለም ከውስጤ ያልወጣው። ልጁ ጣቱ ላይ ያልዳነ ቁስል ነበረው፤ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። «ፈሪ እንዳልባል ብዬ ነው» አለኝ። ክትባቱን ጨርሶ ዛሬ በጤና እየሠራ ነው።

የእንስሳት ሐኪም በሽታውን ስለለመደው አይነካውም የሚል እምነት አለ። ባለከብቱ ቢለው አይገርመኝም። የሚያንገበግበኝ እኛው ለተማሪዎቻችን ስናወርሰው ነው። ላም ስታምጥ ጓንት የሚፈልገውን ሐኪም «ቅንጦተኛ» የሚሉ አንጋፋዎች ሰልችተውኛል። ሃያ ዓመት እንግዴ ልጅ በባዶ እጁ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ ሃያ ዓመት ለብሩሴሎሲስ ሲጋለጥ ኖረ እንጂ ምን ተከላከለ? ለዚህ በሽታ ለሰው የሚሰጥ ክትባት የለም። ትኩሳቱ ሄድ መጣ ይላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ሰውየው አንዴ ወባ፣ አንዴ ታይፎይድ እየተባለ ይንገላታል። ሲደረስበትም ቢያንስ 6 ሳምንት መድኃኒት መዋጥ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት ነው።

ለእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ክትባት አለ። አስቀድሞ ለሚከተብ ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን መወጋት እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። እንዲህ የተከተበ ሰው በኋላ ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥባል፣ በዕለቱና በ3ኛው ቀን ይወጋል፤ ውዱና እንደ ልብ የማይገኘው ኢሚውኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። የውሻ ክትባት ማቀዝቀዣው ውስጥ ሞልቶ፣ ወጊዎቹ ግን አንዳቸውም ያልተከተቡበት ክሊኒክ አይቻለሁ። ወጪው ከበደን ይላሉ! የአንድ ሐኪም ሞት ስንት ያወጣል?

ክሊኒክ የሚመሩ ጓደኞቼ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ስናወራ የበዓል ግብዣ ይቆጥሩልኛል። ግብዣው ይሁን፤ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያዋልድ ያደረ ሐኪም ጠዋት ክሊኒኩን እንዲከፍት ለምን ይጠበቃል? መርፌው ላይ ክዳን ሲመልስ ራሱን የሚወጋው እኮ የደከመው እጅ ነው። የሌሊት ጥሪ በተራ ይሁን፣ ክፍያውም ለወጣው ሰው ይድረስ። እኛ ጋ ንክሻውም የመርፌ ውጊያውም የሚጻፍበት መዝገብ አለ። የተጎዳው ሲመጣ የምንጠይቀው መቼ፣ በምን፣ ታጠብክ ወይ ነው፤ «ለምን አልተጠነቀቅክም» ማለት ክልክል ነው። አንዴ የተቆጡት ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ነፍሰ ጡር ባልደረቦቻችንም እንደዚያ ወጣት ይደብቃሉ፤ ሰነፍ እንዳይባሉ። ለድራት ማመሳሰያ የምንወጋው ፕሮስታግላንዲን በቆዳ ሰርጎ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፤ የተጨናገፈ ጥጃ መንካትም ለእነሱ እጥፍ አደጋ ነው። ስለዚህ የሥራ ኃላፊው፣ ሴቶቹ መጥተው እስኪለምኑት ሳይጠብቅ፣ ከእነዚህ ሥራዎች የመውጣት መብታቸውን ገና ሲቀጠሩ በጽሑፍ ይስጣቸው፤ ደመወዛቸውም ሳይነካ።