ብርሃን፣ የሰውነት ሰዓት እና የካንሰር ሕሙማን እንቅልፍ

የካንሰር ሕሙማን እንቅልፍ ማጣት የበሽታው አይቀሬ ገጽታ ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ ለሐኪም ሳይነገር ይቀራል። ሆኖም በጥናቶች ግምት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን ሕሙማን የሚያውከው ይህ ችግር የራሱ መንስኤዎችና የራሱ ሕክምና አለው።

ከመንስኤዎቹ መካከል የሕመም ስሜት፣ ጭንቀት፣ አንዳንድ የሆርሞን መድኃኒቶች የሚያስከትሉት ድንገተኛ የሙቀት ስሜት፣ እንዲሁም ማቅለሽለሽን ለመከላከል ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ይገኛሉ። እኛ እዚህ የምናተኩረው ግን ከፊዚክስ ጋር በሚዛመደው፣ ማለትም በብርሃን ላይ ነው።

በአንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ሥፍራ በላይ፣ የሰውነታችን ሰዓት የሆነ አነስተኛ የሕዋሳት ስብስብ አለ። የዚህ ሰዓት ዑደት በትክክል 24 ሰዓት ባለመሆኑ በየቀኑ መስተካከል ይኖርበታል፤ ዋናው አስተካካይም ብርሃን ነው። ለዚህ ተግባር የተመደቡት የሬቲና ሕዋሳት ሜላኖፕሲን የተባለ ፕሮቲን ሲኖራቸው፣ ይበልጥ የሚነቃቁት የሞገድ ርዝመቱ ወደ 480 ናኖሜትር በሚጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ነው።

የቤት ውስጥ ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ500 ሉክስ አይበልጥም፤ ደጅ ግን በደመናማ ቀን እንኳ 10,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ዓይናችን ራሱን ስለሚያላምድ የልዩነቱ ስፋት አይሰማንም፤ የሰውነት ሰዓት ግን ይለየዋል። መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ተኝቶ የሚውል ሕመምተኛ ቀን ያሸልባል፣ ሌሊት ይነቃል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አነስተኛ ጥናት እንዳመለከተው፣ በኬሞቴራፒ ወቅት ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ ደማቅ ነጭ ብርሃን ያገኙ የጡት ካንሰር ሕሙማን፣ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ካገኙት በተለየ ድካማቸው አልተባባሰም።

በአገራችን ቤተሰብ «ምች እንዳይመታው» በማለት ሕመምተኛውን ከፀሐይ ይጋርዳል። በእርግጥ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርጋሉ፤ በጨረር የታከመ ቆዳም መከለል አለበት። ነገር ግን የሰውነት ሰዓት የሚሻው ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን እንጂ ቆዳን የሚያቃጥለውን ፀሐይ አይደለም። በከባቢ አየር የተበተነው የሰማይ ብርሃን በጥላ ሥር እንኳ በሺዎች በሚቆጠር ሉክስ ይለካል፤ በሰማያዊው የሞገድ ርዝመትም የበለጸገ ነው። ስለዚህ ጠዋት በረንዳ ላይ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ብርሃን ብቻውን ፈውስ አይደለም። ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ የሚመከረው አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርም የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ዴክሳሜታሶን ጠዋት ሊወሰድ ይችል እንደሆነም ሐኪሙ ይወስናል። ይህ ሁሉ የሚጀመረው ግን ሕመምተኛው «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ሲናገር፣ አስታማሚውም መጋረጃውን ሲከፍት ነው።